ከመርጡለ ማርያም ሆኖ የዩኒቨርስን መስፋፋት መለካት፦ በስበት ሞገድ፣ ደረጃ በደረጃ

ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር፤ ፍልሰታ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን። ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ አንድ የስበት ሞገድ መርጡለ ማርያምን አቋርጦ አለፈ። ከቅዳሴ የሚመለሰውም፣ እርሻው ላይ የዋለውም አልተሰማውም። ሞገዱ የተነሣበት ጋላክሲ በዚያች ደቂቃ ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ከአድማስ 56 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ሞገዱ ጎጃምን ካለፈ ከ11 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ጣሊያን ውስጥ ቨርጎ ወደተባለው መሣሪያ ደረሰ። ጎጃምን ካለፈ ከ33 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ደግሞ ምድርን ሰንጥቆ ወጥቶ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ሊቪንግስተን ያለው ላይጎ የተባለ መሣሪያ መዘገበው። በዋሽንግተን ግዛት ሃንፎርድ ያለው ሁለተኛው ላይጎ የተቀበለው ከሊቪንግስተኑ 3 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው።

ክስተቱ የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ግጭት ነው፤ መጠሪያውም ጂደብሊው 170817 ይባላል። ሳይንቲስቶች ከዚህ አንድ መዝገብ ተነሥተው ዩኒቨርስ በምን ፍጥነት እየሰፋ እንደሆነ ለክተዋል። መዝገቡ ዛሬ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በመርጡለ ማርያምና በአካባቢዋ ያሉ የፊዚክስ መምህራንና የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ያንኑ ልኬት በራሳቸው እጅ እንዲደግሙት ነው። ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ሂሳቡም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብዙም አይርቅም።

የሚያስፈልጋችሁ

• ርቢ (ፓወር) የሚሠራ ሳይንሳዊ ካልኩሌተር። የስልካችሁ ካልኩሌተር ወደ ጎን ሲዞር ብዙ ጊዜ ይበቃል።
• አንድ ላፕቶፕና ለጥቂት ጊዜ የሚሠራ ኢንተርኔት። ከሌለ ደረጃ 1ንና 2ን ዝለሉና እዚህ የተሰጡትን ቁጥሮች ተጠቀሙ።
• የፓይተን ፕሮግራም፣ ወይም በአሳሽ ብቻ የሚሠራው ጉግል ኮላብ።
• ደብተርና እርሳስ። እያንዳንዱን ቁጥር ከየት እንዳገኛችሁት ከጎኑ ጻፉ፤ ደረጃ 7 ላይ ያስፈልጋችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ምንድን ነው የምንለካው?

ኤድዊን ሃብል እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው ሥራ፣ ጋላክሲዎች ከእኛ በራቁ ቁጥር የሚሸሹበት ፍጥነትም እንደሚጨምር አሳይቷል። ፍጥነቱን ለርቀቱ ስናካፍል የምናገኘው ቁጥር የሃብል ቋሚ ይባላል። የሚጻፈውም በኪሎ ሜትር በሰከንድ፣ ለእያንዳንዱ ሜጋፓርሴክ ነው። አንድ ሜጋፓርሴክ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። የሃብል ቋሚ 70 ነው ማለት፣ አንድ ሜጋፓርሴክ በራቅን ቁጥር የጋላክሲዎቹ ፍጥነት በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር ይጨምራል ማለት ነው።

ፍጥነትን ከጋላክሲው ብርሃን ማንበብ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ርቀት ነው። የተለመደው መንገድ እንደ መሰላል የተደራረበ ነው፦ በቅርብ ያሉትን ከዋክብት በጂኦሜትሪ ለክቶ፣ በእነሱ ሴፌይድ የሚባሉትን ብርሃናቸው የሚዋዥቅ ከዋክብት አስተካክሎ፣ በሴፌይዶቹ ደግሞ የሱፐርኖቫን ፍንዳታ አስተካክሎ መሄድ ነው። ከታች ያለው እርከን ከተሳሳተ ስህተቱ እስከ ላይ ይዘልቃል። በዚህ መንገድ የአዳም ሪስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ውጤት 73.0 ሲሆን የስህተት ወሰኑ 1.0 ነው። የፕላንክ ሳተላይት ደግሞ ከዩኒቨርስ ጥንታዊ ብርሃን ተነሥቶ 67.4 አግኝቷል፤ የስህተት ወሰኑ 0.5 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለቱም አለብን ከሚሉት ስህተት ይበልጣል። የዘርፉ ሰዎች ለዓመታት የሚከራከሩበት ጉዳይ ይኸው ነው።

የስበት ሞገድ ይህን መሰላል ጭራሽ አይወጣም። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው በርናርድ ሹትዝ ነው። የደወሉን ድምፅ ከሥሩ ቆሞ የሚያውቅ የመርጡለ ማርያም ሰው፣ በሩቅ ሲሰማው ከድምፁ መዳከም ምን ያህል እንደራቀ ይገምታል። በስበት ሞገድም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የሞገዱን የመነሻ ኃይል የሚነግረን ሌላ ኮከብ ሳይሆን የራሱ የሞገዱ አካሄድ መሆኑ ነው። እንዲህ ያሉ ክስተቶች ስታንዳርድ ሳይረን ይባላሉ።

ደረጃ 1፦ መዝገቡን አውርዱ

የላይጎና የቨርጎ መዝገብ የሚገኘው የስበት ሞገድ ክፍት የሳይንስ ማዕከል በሚባለው ድረ ገጽ ነው። ከክስተቶቹ ዝርዝር ውስጥ 170817ን ፈልጉ። ሁለት ዓይነት ፋይል ታያላችሁ፤ አንዱ በሰከንድ 4096 ናሙና፣ ሌላው 16384 ናሙና ያለው ነው። ለዚህ ሥራ የመጀመሪያው ከበቂ በላይ ነው፤ የኢንተርኔት ሂሳባችሁንም አይጨርስም። የሃንፎርዱንና የሊቪንግስተኑን አውርዱ።

በሊቪንግስተኑ መዝገብ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮከቦቹ ከመጋጠማቸው 1.1 ሰከንድ በፊት መሣሪያው ውስጥ ግሊች የሚባል አጭርና ኃይለኛ ረብሻ ተፈጥሯል። ግሊቹ የጸዳለትን ፋይል ምረጡ።

በመዝገቡ ውስጥ ሰዓት የሚቆጠረው በጂፒኤስ ሰከንድ ነው። የግጭቱ ሰዓት 1187008882.4 ነው። ከዚያ 30 ሰከንድ ወደ ኋላ፣ 2 ሰከንድ ወደ ፊት ያለውን ብቻ ቆርጣችሁ ያዙ። በዓለም አቀፍ ሰዓት 12፡41 ነው የሚለውን ስታዩ አትደናገሩ፦ ሦስት ሰዓት ጨምሩና 15፡41 ታገኛላችሁ፤ ስድስት ስትቀንሱለት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41 ይሆናል።

ኔትወርክ በሚሻልበት ሰዓት አንዴ ካወረዳችሁት በኋላ ፍላሽ ላይ ገልብጡት። ደረጃ 2 ላይ የሚያስፈልገውን የፓይተን ጥቅልም ያኔውኑ ከጫናችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በላፕቶፑ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ጉግል ኮላብ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ደረጃ 2፦ ቺርፑን በዓይናችሁ እዩ

ጥሬውን መዝገብ እንዳለ ብትስሉት ከረብሻ በቀር ምንም አታዩም። ጂደብሊውፓይ የተባለውን ነፃ የፓይተን ጥቅል ጫኑና ኪው ትራንስፎርም የሚለውን ትእዛዝ ስጡት። በአግድሙ ሰዓት፣ በቁሙ ፍሪኩዌንሲ ያለው ባለ ቀለም ምስል ይወጣላችኋል። ፍሪኩዌንሲውን ከ30 እስከ 500 ኸርዝ ወስኑት።

ምስሉ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የምትሄድ ቀጭን ደማቅ መስመር ፈልጉ። ለብዙ ሰከንዶች ከታች ጋደም ብላ ትጓዛለች፤ መጨረሻ ላይ ድንገት ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትወጣለች። ይህ ቺርፕ ይባላል። ሁለቱ ኮከቦች ሲዟዟሩ በሞገዱ ጉልበት ያጣሉ፤ ጉልበት ሲያጡ ይቀራረባሉ፤ ሲቀራረቡ ፈጥነው ይዞራሉ። መስመሯ የምትወጣው ለዚህ ነው። በሊቪንግስተኑ ምስል ላይ ይበልጥ ትደምቃለች፤ በቨርጎው ላይ ግን አትታይም። ቨርጎ ሥራውን አጉድሎ አይደለም፤ ሞገዱ የመጣው መሣሪያው ደካማ ከሚሆንበት አቅጣጫ ነው። ያ ራሱ ምንጩ ሰማይ ላይ የት እንዳለ ለማወቅ ረድቷል።

አሁን ከመስመሯ ላይ ሁለት ነጥብ አንብቡ። መስመሯ 50 ኸርዝ ላይ ስትደርስ እስከ ግጭቱ ስንት ሰከንድ ይቀራታል? 14 ያህል። 100 ኸርዝ ላይ ስትደርስስ? 2.2 ያህል። በደብተራችሁ ጻፉ።

ደረጃ 3፦ ከሁለቱ ነጥቦች የኮከቦቹን ክብደት አውጡ

የአንስታይን ሕግ ፍሪኩዌንሲውንና የቀረውን ጊዜ ካወቅን ቺርፕ ማስ የሚባለውን የሁለቱን ኮከቦች የተቀናጀ ክብደት ይሰጠናል። በ100 ኸርዝ ነጥብ እንሥራው።

ሀ) 256ን በቀረው ሰከንድ አባዙ፤ 5ን ለውጤቱ አካፍሉ። 5 ÷ (256 × 2.2) = 0.00888።
ለ) ይህን በ0.6 ርቢ አድርጉ። 0.0587 ታገኛላችሁ።
ሐ) 100ን በ3.1416 አባዙና በ1.6 ርቢ አድርጉ። 9,896 ገደማ ይሆናል።
መ) የ“ለ”ን ውጤት ለ“ሐ” አካፍሉ። 0.00000594 ሰከንድ።
ሠ) ይህን ለ0.000004925 አካፍሉ። ይህ ቁጥር የአንድ ፀሐይ ክብደት በሰከንድ ሲለወጥ የሚሆነው ነው። መልሱ 1.2 ነው።

የቺርፕ ማሱ 1.2 ፀሐይ ያህል ነው ማለት ነው። ይህን ሂሳብ በ50 ኸርዙ ነጥብና በ14 ሰከንድ ድገሙት። መልሱ ተመሳሳይ ካልሆነ ነጥቡን ያነበባችሁት ከሌላ መስመር ላይ ነው፤ ወደ ምስሉ ተመለሱ። ሳይንቲስቶቹ ሙሉውን መዝገብ ተጠቅመው በመሬት ላይ የሚታየውን ቺርፕ ማስ 1.198 ብለው አትመዋል። እናንተ ያገኛችሁት ከሁለት ነጥብ ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ከክብደቱ ወደ ርቀቱ

ክብደቱንና ፍሪኩዌንሲውን ካወቅን ሞገዱ ከምንጩ ሲነሣ የነበረው ኃይል ታወቀ ማለት ነው። ለዚህ ክስተት፣ በ100 ኸርዝ ላይ፣ ሂሳቡ እንዲህ ይሄዳል፦

ሀ) 0.0000059 ሰከንድን በ1.667 ርቢ አድርጉ። 1.93 × 10⁻⁹።
ለ) 314.16ን በ0.667 ርቢ አድርጉ። 46.2።
ሐ) ሁለቱን አባዙ፤ ከዚያ በ4 እና በብርሃን ፍጥነት (3 × 10⁸ ሜትር በሰከንድ) አባዙ። 107 ሜትር ገደማ ታገኛላችሁ።

ርቀቱ ማለት ይህ 107 ሜትር እዚህ ለተለካው የሞገድ ቁመት ሲካፈል የሚገኘው ነው። የሞገዱ ቁመት አሃድ የለውም፤ መሣሪያው ከርዝመቱ ስንት እጅ እንደተለጠጠና እንደተኮማተረ የሚናገር ክፍልፋይ ነው። በዚህ ክስተት 10⁻²² እንኳ አይሞላም። የላይጎ ክንድ 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተለጠጠው መጠን ከአንዲት ፕሮቶን ስፋት በሺዎች እጥፍ ያንሳል። ይህን ከምስሉ ላይ በዓይን ማንበብ አይቻልም። መዝገቡን ከብዙ ሺህ የተሰሉ ሞገዶች ጋር የሚያመሳክር ፕሮግራም ያስፈልጋል። ስለዚህ ለልምምድ 7.9 × 10⁻²³ን ያዙ። ይህ ቁጥር ከታተመው ርቀት ወደ ኋላ ተሰልቶ የተገኘ ስለሆነ ሂሳቡን ያስተምራችኋል እንጂ አዲስ ማስረጃ አይሆንም።

107ን ለ7.9 × 10⁻²³ አካፍሉ፤ ውጤቱን ለ3.086 × 10²² አካፍሉ። 44 ሜጋፓርሴክ ገደማ ይሆናል። ሳይንቲስቶቹ ያተሙት 43.8 ነው፤ ግን ከ36.9 እስከ 46.7 ሊሆን ይችላል ብለው ነው።

ወሰኑ ለምን እንዲህ ሰፋ? ምክንያቱ የኮከቦቹ ዙረት ወደ እኛ ያዘነበለበት ማዕዘን ነው። ከላይ ሆነን የምናያቸው ከሆነ ሞገዱ ሙሉ ኃይሉን ይዞ ይመጣል። ከጎን ከሆነ በግማሽ ይዳከማል። ማዕዘኑን ካላወቅን፣ ቅርብ ሆኖ ያዘነበለውን ሩቅ ሆኖ ቀጥ ካለው መለየት ይቸግረናል። የዚህ ልኬት ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ደብተራችሁ ላይ አስምሩበት።

ደረጃ 5፦ ሞገዱ ከየት ጋላክሲ እንደመጣ እወቁ

ሞገዱ ርቀቱን እንጂ ፍጥነቱን አይነግረንም። ለፍጥነቱ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ለብርሃኑም የጋላክሲው አድራሻ።

ከግጭቱ 1.7 ሰከንድ በኋላ ፌርሚ የተባለው ሳተላይት የጋማ ጨረር ብልጭታ አየ። ላይጎና ቨርጎ ምንጩን 28 ስኩዌር ዲግሪ በሆነ የሰማይ ቁራጭ ውስጥ ወሰኑት። የሰማዩ ካርታ ለታዛቢዎች የተሠራጨው ከግጭቱ አምስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ በእኛ አገር ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ጋላክሲውም በምዕራብ በኩል ሊጠልቅ ተቃርቧል። ዕድሉ የደረሰው ቺሊ ነው። ግጭቱ ከደረሰ ከ11 ሰዓት ገደማ በኋላ ላስ ካምፓናስ ያለው ስዎፕ ቴሌስኮፕ ኤንጂሲ 4993 በተባለ ጋላክሲ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልነበረ ብርሃን አገኘ። በማግሥቱ ምሽት በደቡብ አፍሪካ ያለው ሳልት የተባለ ቴሌስኮፕ የብርሃኑን ስፔክትረም ወሰደ።

የስዎፕ መስታወት ስፋት አንድ ሜትር ነው። እንጦጦ ላይ ያሉት የኢትዮጵያ ሁለት ቴሌስኮፖችም እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት አላቸው። መስታወቱስ ይበቃል፤ በነሐሴ ሰማዩን የሚይዘው ግን ክረምቱ ነው።

ጋላክሲው ያለበትን ቦታ ራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ፊታችሁን ወደ ደቡብ አዙሩ። ከፍ ብሎ ብቻውን የሚያበራውን ነጣ ያለ ኮከብ፣ ስፓይካን፣ ፈልጉ። እጃችሁን ዘርግታችሁ ከስፓይካ ቀጥታ ወደ ታች ከአንድ ጭብጥ ትንሽ ረዘም ያለ ስፋት ውረዱ፤ ጋማ ሃይድራ የተባለችው መካከለኛ ኮከብ እዚያ አለች። ከእሷ በስተቀኝ አንድ አውራ ጣት ያህል ፈቀቅ ያለው ባዶ የሚመስል ቦታ የኤንጂሲ 4993 ቦታ ነው። ጋላክሲው ራሱ በዓይን አይታይም።

ደረጃ 6፦ ፍጥነቱን አስተካክሉ

የጋላክሲው ብርሃን ወደ ቀይ በ0.98 በመቶ ተንሸራቷል። ይህን በብርሃን ፍጥነት ስታባዙ በሰከንድ 2,930 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ቁጥር ይዞ ወደ ማካፈል ይሮጣል። ሁለት እርማት ይቀራል።

የመጀመሪያው የራሳችን እንቅስቃሴ ነው። ፀሐይና ሚልኪ ዌይ ከዩኒቨርስ ጥንታዊ ብርሃን አንጻር ይጓዛሉ። ይህ ሲታረምና ጋላክሲው ያለበት ቡድን በሙሉ አብሮ ሲታሰብ ፍጥነቱ 3,327 ይሆናል።

ሁለተኛው የጋላክሲው የግሉ እንቅስቃሴ ነው። የዚያ አካባቢ ጋላክሲዎች ታላቁ ሳቢ በተባለ ግዙፍ የቁስ ክምችት ስበት ይጎተታሉ፤ ይህም ፍጥነቱ ላይ በሰከንድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ጨምሯል። ያ ጭማሪ ከመስፋፋቱ የመጣ ስላልሆነ ይቀነሳል። የቀረው 3,017 ነው፤ የስህተት ወሰኑ 166።

እርማቱ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት ሦስቱንም ፍጥነቶች ለ43.8 አካፍሉ። 67፣ 76 እና 69 ይመጣሉ። የመጀመሪያው ከፕላንክ ውጤት ጋር መግጠሙ አያስደስታችሁ፤ ከታወቀ ቁጥር ጋር መቀራረብ ብቻውን የስሌትን ትክክለኛነት አያረጋግጥም።

ደረጃ 7፦ አካፍሉ፣ ስህተቱንም አብራችሁ አስሉ

3,017 ÷ 43.8 = 68.9። ሥራው እዚህ አያልቅም።

ሀ) ርቀቱ 46.7 ቢሆን፦ 3,017 ÷ 46.7 = 64.6። ወደ ታች 4.3 ልዩነት።
ለ) ርቀቱ 36.9 ቢሆን፦ 3,017 ÷ 36.9 = 81.8። ወደ ላይ 12.9 ልዩነት።
ሐ) የፍጥነቱ ስህተት፦ 166 ÷ 43.8 = 3.8፤ ወደ ላይም ወደ ታችም።

ሁለቱን ስህተቶች ዝም ብላችሁ አትደምሩ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን በሙሉ ኃይላቸው የሚያጋድሉበት ዕድል አነስተኛ ነው። እያንዳንዱን ስኩዌር አድርጋችሁ ደምሩና ስኩዌር ሩት አውጡ። ወደ ታች 5.7፣ ወደ ላይ 13.4 ይሆናል።

የእናንተ መልስ እንግዲህ 69 ነው፤ ከ63 እስከ 82 ሊሆን ይችላል። ጥቅምት 6 ቀን 2010 ዓ.ም. በኔቸር መጽሔት የወጣው ውጤት 70 ሲሆን ወሰኑ ከ62 እስከ 82 ነው። መጠነኛ ልዩነቱ የመጣው እነሱ አንድ ርቀት ይዘው ስላላካፈሉ ነው፤ ሊሆኑ የሚችሉትን ርቀቶችና ማዕዘኖች ሁሉ እንደየዕድላቸው መዝነዋል።

ደረጃ 8፦ ከመልሱ ምን ማለት ይቻላል? ምንስ አይቻልም?

የዩኒቨርስን ዕድሜ በግርድፉ ለማወቅ 978ን ለሃብል ቋሚ አካፍሉ፤ መልሱ በቢሊዮን ዓመት ይመጣል። 978 ÷ 69 = 14.2። ይህ ስሌት መስፋፋቱ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ፍጥነት ሄዷል ብሎ የሚያስብ ነው። የፍጥነቱ መለዋወጥ ሲታሰብ ፕላንክ የሰጠው ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው።

የማይቻለው ክርክሩን መፍታት ነው። 67.4ም 73.0ም በእናንተ ወሰን ውስጥ ናቸው። ሞገዱ ለየትኛውም ወገን አልፈረደም። ያም ሆኖ ልኬቱ ትልቅ ዋጋ አለው፦ ሴፌይድንም ሱፐርኖቫንም ሳይነካ፣ ፍጹም በሌላ መንገድ ሄዶ፣ እዚያው አካባቢ ደርሷል።

ወሰኑ የሚጠበው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ማዕዘኑን በሌላ ዘዴ ማወቅ ነው። ከግጭቱ የወጣው፣ ጄት የሚባለው ጠባብ የቁስ ፍሰት እንቅስቃሴ በሬዲዮ ቴሌስኮፖች ተለክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ውጤቱን 70.3 አድርሶታል፤ ስህተቱም ወደ 5 ወርዷል። ሁለተኛው ክስተቶችን ማብዛት ነው። አንድ ክስተት 15 በመቶ ያህል ስህተት ካለው፣ ሃምሳ ክስተት ሲሰበሰብ 15ን ለሃምሳ ስኩዌር ሩት አካፍላችሁ 2 በመቶ ገደማ ታገኛላችሁ። ችግሩ ብርሃናቸው የሚገኝላቸው ክስተቶች ጥቂት መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 2019 ሌላ የኒውትሮን ኮከቦች ግጭት ተመዝግቦ ነበር፤ ብርሃኑ ግን አልተገኘም።

ብርሃን በማይገኝበት ጊዜ ሌላ ዘዴ አለ። ሞገዱ በመጣበት አቅጣጫ ያሉትን ጋላክሲዎች ሁሉ ከካታሎግ አውጥቶ፣ ለእያንዳንዳቸው እንደየዕድላቸው ክብደት ሰጥቶ ማስላት ነው። እነዚህ ጨለማ ሳይረን ይባላሉ። ላይጎ፣ ቨርጎና የጃፓኑ ካግራ 47 ክስተቶችን በዚህ መልክ መርምረው፣ የ2009ኙን ክስተት ጨምረው፣ 68 አግኝተዋል፤ ወሰኑ ከ62 እስከ 76 ነው።

ክበባችሁ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዳይጨናነቅ

ሥራውን በአራት ቡድን ክፈሉት፦ አንዱ ምስሉን ያውጣ፣ አንዱ ክብደቱን፣ አንዱ ፍጥነቱን፣ አንዱ ስህተቱን ያስላ። ሁለት ተማሪዎች የ50 እና የ100 ኸርዙን ነጥብ ሳይነጋገሩ ያንብቡ፤ ንባባቸው የሚለያይበት መጠን የእናንተ የራሳችሁ የንባብ ስህተት ነው። አሃዶችን በየመስመሩ ጻፉ፤ በዚህ ሥራ ብዙ መልስ የሚበላሸው ሜትርና ሜጋፓርሴክ ሲቀላቀሉ ነው። መምህሩ የታተመውን መልስ የሚገልጠው ሁሉም ቡድን የራሱን ጽፎ ካስረከበ በኋላ ይሁን።

በመጨረሻም ውጤታችሁን በሰሌዳው ላይ ስትጽፉ “69” ብላችሁ ብቻ አትተዉት። “69፤ ከ63 እስከ 82” ብላችሁ ጻፉ። ወሰኑ ያልተጻፈለት ቁጥር ከ67ቱም ከ73ቱም ጋር ሊከራከር አይችልም።